ሞንሃይም ከየት አመጣችው? ስለ አንዲት የጀርመን ከተማ ዘመናዊነትና ስለ ሒሳቧ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በኖርድ ራይን ቬስትፋለን ትንንሽና መካከለኛ ከተሞች ለምትኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ «እንደ ሞንሃይም እናድርግ» ሲባል የከተማውን በጀት ስለ መመልከት

እንደምን ሰነበታችሁ።

በዱስልዶርፍና በኮሎኝ መካከል፣ ራይን ወንዝ ዳር፣ 43 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ሞንሃይም የምትባል የኢንዱስትሪ ከተማ አለች። ከ2009 እስከ 2025 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከንቲባዋ ዳንኤል ዚመርማን ነበር። በእነዚህ 16 ዓመታት ውስጥ ነዋሪው በአካባቢው አውቶቡስ በነጻ መሳፈር ጀመረ፤ የመዋዕለ ሕፃናት ወርሃዊ ክፍያ ቀረ፤ ፋይበር (ፈጣን የኢንተርኔት መስመር) በከተማው ሁሉ ተዘረጋ፤ በአሮጌው ሰፈር ሹፌር አልባ አውቶቡስ ገባ። ሰው ይህን ሰምቶ ቢቀና አይፈረድበትም። እኛም የምንጽፍላችሁ ቅናቱን ልናጣጥል አይደለም። የእናንተ ከተማ እጩ ከንቲባ «እኛም እንደ ሞንሃይም» ብሎ ሲመጣ፣ የቱን ቁጥር ብላችሁ እንደምትጠይቁት ልናሳያችሁ ነው።

የሰውዬውን ነገር ባጭሩ እንለፈው። ሲመረጥ 27 ዓመቱ ነበር። ፔቶ የሚባለው ፓርቲው በ1990ዎቹ መጨረሻ ተማሪዎች ያቋቋሙት የከተማው ፓርቲ ነው። በ2014 ከ94 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ በድጋሚ ተመረጠ፤ ትልልቆቹ ፓርቲዎች እጩ እንኳ አላቀረቡበትም። በ2025 ግን አልተወዳደረም። ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር እንጨምር፦ ከተማዋ በልጆች ድህነት ላይ የምታካሂደውና ብዙ የሚጠቀስላት ሥራ የተጀመረው በ2002 ነው፤ እሱ ከመምጣቱ በፊት።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

ጌቨርበሽቶየር የሚሉት የንግድ ግብር በሁለት እርምጃ ይሰላል። በመጀመሪያ ፊናንስአምት (የመንግሥት የግብር መሥሪያ ቤት) የድርጅቱን የንግድ ትርፍ በ3.5 በመቶ ያባዛና መለኪያ መጠን ያወጣል። ቀጥሎ ከተማው የራሱ ምክር ቤት በወሰነው መቶኛ ያንን መለኪያ ያባዛዋል። ይህ መቶኛ ሄበዛትስ ይባላል፤ የደብዳቤው ጉዳይ ሁሉ የሚዞረው በሱ ዙሪያ ነው። አንድ አክሲዮን ማኅበር 10 ሚሊዮን ዩሮ ቢያተርፍ መለኪያው 350,000 ዩሮ ይሆናል። ሄበዛትሱ 435 በሆነበት ከተማ 1,522,500 ዩሮ ይከፍላል፤ 250 በሆነበት ከተማ 875,000። ልዩነቱ 647,500 ዩሮ ነው፤ ያውም በየዓመቱ። ይህን የሚያክል ገንዘብ ለማዳን መቀመጫውን 15 ኪሎ ሜትር ማዛወር የማይከብደው ድርጅት ሞልቷል።

ሞንሃይም እስከ 2011 ድረስ 435 ላይ ነበረች። ዕዳ ነበረባት፤ በጀቷም በበላይ አካል ቁጥጥር ሥር ነበር። በ2012 ወደ 300 አወረደችው፤ ከዚያ በኋላ ደረጃ በደረጃ ቀንሳ በ2018 250 ላይ ደረሰች። ከንግድ ግብር የምታገኘው ከ20 ሚሊዮን ገደማ ተነሥቶ ወደ 200 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የከተማዋ ዕዳ ተከፍሎ አለቀ።

ገንዘቡ የመጣው በአዳዲስ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ በኩል አልነበረም። ባየር የሚባለው ትልቅ የመድኃኒትና የኬሚካል ድርጅት የሰብል ጥበቃ ክፍል ዋና መሥሪያ ቤት ቀድሞም እዚያው ነበር። የባየርን ፓተንቶች (የፈጠራ መብቶች) የሚይዘው ቅርንጫፍ ድርጅትም መቀመጫውን ሞንሃይም አደረገ። ለምን ፓተንት? አንድ ድርጅት በሁለት ከተማ ሠራተኛ ካለው መለኪያው የሚከፋፈለው በየከተማው በሚከፈለው ደመወዝ መጠን ነው። ሁለት ሺህ ሠራተኛ ያለውን ፋብሪካ ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ ፓተንት ይዞ የሮያልቲ ገቢ የሚሰበስብ ድርጅት ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያስፈልገው፤ ትርፉ ግን ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ድርጅት እንደ ሻንጣ ይነሣል። የመጣበት መንገድ የሚሄድበትም መንገድ መሆኑን ልብ በሉ። (ባዶ ክፍልና የፖስታ ሳጥን ብቻ ተከራይቶ «ሞንሃይም ነኝ» ማለት ግን አይሠራም። ፊናንስአምት የሚመለከተው ውሳኔ በትክክል የሚሰጥበትን ቦታ ነው፤ ሲደርስበት ግብሩ ወደ ቀድሞው ከተማ ይመለሳል።)

ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ላላችሁ ሰዎች አንድ ነገር ለብቻው እንንገራችሁ፤ ምክንያቱም «ግብር ይቀነስላችኋል» የሚለው ቃል ለእናንተ የሚመስለውን ያህል አይደለም። በስማችሁ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ከንግድ ትርፋችሁ ላይ 24,500 ዩሮ ከግብር ነጻ ነው። የ50,000 ዩሮ ትርፍ ያለው ሰው ግብር የሚታሰብበት 25,500 ይሆናል፤ መለኪያው 892.50 ነው። በ435 ብናሰላው 3,882 ዩሮ፣ በ250 ደግሞ 2,231 ዩሮ ይመጣል። ነገር ግን ከ2020 ጀምሮ የመለኪያው አራት እጥፍ ድረስ፣ እዚህ ላይ እስከ 3,570 ዩሮ፣ ከገቢ ግብራችሁ ላይ ይቀነስላችኋል። በቂ የገቢ ግብር የምትከፍሉ ከሆነ በ435 ከተማ በትክክል ከኪሳችሁ የሚወጣው 312 ዩሮ ነው፤ በ250 ከተማ ምንም። በዓመት 312 ዩሮ ማለት በወር 26 ዩሮ ነው። ለዚያ ሲባል የከተማው ገቢ በሙሉ ቁማር ውስጥ ይግባ ወይ የሚለውን ለራሳችሁ መልሱ። ጌኤምቤሃ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) ከሆናችሁ ታሪኩ ሌላ ነው፦ ነጻ የሆነው 24,500 የለም፣ ማካካሻውም የለም፤ በዚያው 50,000 ትርፍ ላይ 7,612 ወይም 4,375 ዩሮ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያየውን እንይ። ከተማው የሰበሰበው ሁሉ ለከተማው አይቀርም። ለምሳሌ መለኪያውን 100 ዩሮ እናድርገውና እንከተለው። ሄበዛትሱ 250 ከሆነ 250 ዩሮ ገባ። ከዚህ ላይ ለፌደራልና ለክልል መንግሥት 35 ዩሮ ይሄዳል፤ ይህ ከ2020 ወዲህ ነው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከ60 በላይ ነበር። ቀጥሎ ክራይሱ፣ ከተማው ያለበት አውራጃ አስተዳደር፣ ድርሻውን ይጠይቃል። ክራይሱ የሚጠይቀው ግን ከተማው በእርግጥ በሰበሰበው ላይ አይደለም፤ በኖርድ ራይን ቬስትፋለን ሕግ የከተማው የግብር አቅም የሚለካው በክራይስ ሥር ላሉ ከተሞች ሁሉ እኩል በሆነ፣ ከ400 በሚበልጥ የታሰበ ሄበዛትስ ነው። 415 ነው እንበል። 35ቱ ተቀንሶ 380 ይቀራል፤ ክራይሱ 30 በመቶ ቢወስድ 114 ዩሮ ነው። ስለዚህ ከ250ው ላይ 35 እና 114 ሲወጣ ለከተማው 101 ዩሮ ይቀራል። በ435 የምትሠራ ጎረቤት ከተማ በዚያው መለኪያ 286 ዩሮ ይቀራታል። ይህ ማለት በ250 የምትሠራዋ ከተማ ድሮ በነበረችበት ለመቆየት ብቻ መለኪያዋን ወደ ሦስት እጥፍ ማሳደግ አለባት። ሞንሃይም ከዚያም በላይ አሳደገችው። የእናንተ ከተማ ግን ባየር አላት? ይህ ጥያቄ ብቻውን ብዙ እጩ ያላበዋል።

ከተማችሁ ከክልሉ ድጎማ የምትቀበል ከሆነች ደግሞ ስሌቱ ይብስባታል። ክልሉ በከተማው ፍላጎትና በግብር አቅሙ መካከል ያለውን ጉድለት 90 በመቶውን ይሞላል። አቅሙ ከፍ ባለ ቁጥር ድጎማው ይቀንሳል፤ የአቅሙ መለኪያ አሁንም ያው የታሰበው 400 ከምናምን ነው። በ250 ሰብስቦ በ415 እንደሰበሰበ ይቆጠርበታል።

የጊዜ ልዩነትም አለ። የአንድ ዓመት የክራይስ ክፍያና ድጎማ የሚሰላው ከሁለት ዓመት በፊት ከሐምሌ ወር መጀመሪያ እስከ ባለፈው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ባለው ገቢ ነው። ዘንድሮ ገቢው ቢወድቅ፣ የዘንድሮው የክራይስ ክፍያ የሚመጣው በጥጋቡ ዘመን ልክ ነው። በደህናው ጊዜ ገንዘቡን ወደ ጎን ያላስቀመጠ ከተማ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው መውደቂያ የግብር ተመላሽ ነው። ድርጅቶች የንግድ ግብርን በቅድሚያ በየሩብ ዓመቱ ይከፍላሉ፤ ቀኖቹ የካቲት፣ ግንቦት፣ ነሐሴና ኅዳር 15 ናቸው (እንደ ፈረንጆቹ ወር)። የመጨረሻው ስሌት ግን ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ድርጅቱ በትርፍ የከፈለው ካለ ከተማው ይመልሳል፤ ከዓመቱ መጨረሻ 15 ወር ካለፈ ደግሞ ወለድ ይጨምራል። ወለዱ ድሮ በወር 0.5 በመቶ ነበር፤ ከ2019 ወዲህ ላለው ጊዜ 0.15 በመቶ ሆኗል። ገንዘቡ ግን በዚያን ጊዜ መዋኛ ገንዳ ሆኗል፣ ድንጋይ ንጣፍ ሆኗል። ከገቢው ግማሹ ከሦስት ወይም ከአራት ከፋዮች የሚመጣ ከተማ፣ አንዲት የፊናንስአምት ደብዳቤ በጀቱን ልትገለብጠው ትችላለች። ከንቲባው ስማቸውን ሊነግራችሁ አይችልም፣ የግብር ምስጢር ነው። «ከገቢያችን ስንት በመቶው ከአምስቱ ትልልቆች ይመጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ማንንም ሳይጠራ መመለስ ይችላል።

ከዚያ ጎረቤት መጣ። የባየር ዋና መቀመጫ ያለባት ሌቨርኩዘን ከሞንሃይም ጋር ድንበር ትጋራለች። በ2020 ከ475 በአንድ ጊዜ ወደ 250 ወረደች። ዘዴው የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ እስከሠራበት ድረስ መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው። በነሐሴ 2024 ሌቨርኩዘን የንግድ ግብር ገቢዋ ስለወደቀ ወጪ አገደች። በፌደራል ደረጃም ወለሉ ከፍ እንዲል ተፈልጓል። ከ2004 ጀምሮ ማንም ከተማ ከ200 በታች መውረድ አይችልም፤ ሕጉ የመጣው ኖርደርፍሪድሪክስኮግ የምትባል የሰሜን ባሕር ዳር መንደር ሄበዛትሷን ዜሮ አድርጋ የትልልቅ ድርጅቶች አድራሻ ስለሞላባት ነው። በ2025 የተዋዋለው ጥምር መንግሥት ደግሞ ወለሉን ወደ 280 ሊያወጣው በስምምነቱ ጽፏል። 250 ከዚያ በታች ነው።

ገንዘብ በበዛ ጊዜ የት ይቀመጣል የሚለውም ራሱን የቻለ ችግር ነው። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ከዜሮ በታች 0.5 በነበረበት ጊዜ ባንኮች ገንዘብ ላስቀመጠ ከተማ ቅጣት ያስከፍሉ ነበር። ግሪንሲል የሚባለው የብሬመን ባንክ ግን ትንሽ ወለድ ይሰጥ ነበርና ወደ 50 የሚጠጉ የጀርመን ከተሞችና ማዘጋጃ ቤቶች እዚያ አስቀመጡ። ሞንሃይም 38 ሚሊዮን ዩሮ አስቀምጣ ነበር። በመጋቢት 2021 ባንኩ ተዘጋ። የእናንተ ተቀማጭ እስከ 100,000 ዩሮ ድረስ በሕግ ዋስትና አለው፤ የከተማ ገንዘብ ግን የለውም። የግል ባንኮች የፈቃደኝነት የዋስትና ፈንድ እንኳ ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቶችን አስወጥቷል። ይህ ከመዘጋቱ ከሦስት ዓመት በፊት የታወቀ ደንብ ነው።

ስለ ተገዛው ዕቃ እንነጋገር። ሹፌር አልባዎቹ አውቶቡሶች ከየካቲት 2020 ጀምሮ በአውቶቡስ መናኸሪያውና በአሮጌው ከተማ መካከል የሠሩ አምስት የፈረንሳይ ኢዚማይል ተሽከርካሪዎች ናቸው። ፍጥነታቸው በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አስቀድሞ በሌዘር ተለክቶ ይጫንባቸዋል፤ ሲሄዱ ያዩትን ከተጫነው ጋር ያመሳክራሉ። ስለዚህ ከመስመሩ ወጣ ብሎ የቆመ የዕቃ ማመላለሻ፣ ወደ መንገዱ ያደገ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ከባድ ዝናብ ወይም በረዶ ሁሉ «እንቅፋት» ነው፤ አውቶቡሱ ቀጥ ይላል። የዚያን ጊዜ ውስጡ ያለው አጃቢ ሠራተኛ መቆጣጠሪያውን ይዞ በእጁ ያሳልፈዋል። አዎ፣ አጃቢ አለ፤ በየአውቶቡሱ አንድ ሰው። የሹፌር ደመወዝ አልተቆጠበም ማለት ነው። ለጠባቡ አሮጌ ሰፈር ትንሽ አውቶቡስ ማምጣቱ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በተራ ትንሽ ኤሌክትሪክ አውቶቡስና በአንድ ሹፌር ግን ያው አገልግሎት ይገኝ ነበር ባዮች ነን።

ከሁሉ ያሳቀው ግን ፍልውኃው ነው። ራይን ዳር ካሉት አደባባዮች በአንዱ መሀል ከ400,000 ዩሮ በላይ የወጣበት፣ የአርቲስት ቶማስ ሽትሪከር ሥራ የሆነ ሰው ሠራሽ ፍልውኃ አለ። በ2020 ተከፈተ። ፀሐይ በቂ ሰዓት ስትወጣ የሚፈነዳበት ጊዜ ይደርሳል፤ በዙሪያው ያሉት መብራቶች ቀይ ሆነው መኪናውን ሁሉ ያቆሙታል፤ ውኃው ወደ ላይ ይተኮሳል። መሥሪያ ቤት የረፈደበት ሰው መሪ እንደያዘ ያየዋል። ይህን ጉድ ብለን መሳቅ እንችላለን፤ በሒሳብ ዓይን ግን ፍልውኃው ምንም አይደለም። አንድ ጊዜ ተከፍሎበት አልቋል።

በጀትን የሚበላው በየዓመቱ የሚመለሰው ነው። በቀድሞ የዘይት ፋብሪካ በርሜል መሙያ አዳራሽ ውስጥ የተሠራውን የባህል ማዕከል ውሰዱ፤ ወጪው ሲጀመር ከታሰበው በእጅጉ አልፎ ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሆኗል። 100 ሚሊዮን የወጣበት ሕንፃ በ50 ዓመት ያረጃል ብንል፣ በየዓመቱ 2 ሚሊዮን የእርጅና ቅናሽ በከተማው ሒሳብ ላይ ይመዘገባል። በ3 በመቶ ብድር ከተሠራ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 3 ሚሊዮን ነው። መጋረጃው ሳይከፈት፣ አንድ አምፖል ሳይበራ 5 ሚሊዮን ሄደ። ነጻ አውቶቡስና ነጻ መዋዕለ ሕፃናትም እንዲሁ በየዓመቱ የሚመለሱ ናቸው፤ የንግድ ግብሩ ግን በየዓመቱ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። በዚህ ምክንያት ነው ያ ዕዳዋን ከፍላ የጨረሰች ከተማ በዚመርማን የመጨረሻ ዓመታት ከራሷ ድርጅቶች ጋር ሆና በመቶ ሚሊዮኖች ዩሮ የሚቆጠር ብድር የተሸከመችው። ብድሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው የመጣው።

አንዱን ግን ያለ ቅሬታ እናደንቃለን፤ ፋይበሩን። በከተማው የራሱ የኃይል አቅራቢ ድርጅት በኩል ነው የተሠራው፤ ይህ ደግሞ ለጋዝ፣ ለውኃ ወይም ለመብራት መንገድ በተቆፈረ ቁጥር ባዶ ቱቦ አብሮ ለመቅበር ያመቻል። ከወጪው ትልቁ ቁፋሮው ነው፤ መስመሩ ራሱ ርካሽ ነው። ይህን ለማድረግ ሄበዛትስ 250 መሆን አያስፈልገውም። ከሞንሃይም የሚቀዳ ነገር ካለ ይህ ነው።

«የንግድ ግብር የነጋዴ ጉዳይ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ለምትሉም መልስ አለን። ከንግድ ግብር የጎደለውን ከተማው ብዙ ጊዜ የሚሞላው የመሬትና የቤት ግብሩን፣ ግሩንድሽቶየር ቤን፣ ከፍ በማድረግ ነው። ያንን አከራያችሁ በኔበንኮስተን (ከኪራዩ በተጨማሪ በሚከፈሉት ወጪዎች) ሒሳብ ላይ ወደ እናንተ ያስተላልፈዋል። በዓመቱ መጨረሻ የሚመጣውን የኔበንኮስተን ወረቀት አውጡና «ግሩንድሽቶየር» የሚለውን መስመር ከአምናው ጋር አስተያዩት።

የጀርመን ወይም የሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት የሌላችሁ ከንቲባ መምረጥ አትችሉም፤ በበጀቱ ላይ ግን ድምፅ አላችሁ። በክልሉ የማዘጋጃ ቤት ሕግ አንቀጽ 80 መሠረት የበጀት ረቂቁ ለሕዝብ ይፋ ሲደረግ ቢያንስ የ14 ቀን ጊዜ ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ማንኛውም ነዋሪ ወይም ግብር ከፋይ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። «ዜጋ» አይልም፣ «ነዋሪ» ነው የሚለው። ምክር ቤቱ በተቃውሞው ላይ በግልጽ ስብሰባ መወሰን አለበት። ማስታወቂያው በከተማው የይፋ ጋዜጣ፣ አምትስብላት በሚባለው፣ ወይም በራትሃውሱ (በማዘጋጃ ቤቱ) ድረ ገጽ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ በመጸው ወራት ስለሆነ ከመስከረም ጀምሮ ተከታተሉ። የሚጻፈው አንድ ገጽ ይበቃል፦ ስም፣ አድራሻ፣ የትኛውን የበጀት መስመር እንደምትቃወሙና ለምን። አንቀጽ 25 ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ ነው። ዕድሜው 14 የሞላና በከተማው ሦስት ወር የኖረ ሰው ሁሉ ፊርማ እያሰባሰበ ምክር ቤቱ በአንድ ጉዳይ ላይ እንዲነጋገር ማስገደድ ይችላል። የሚያስፈልገው የነዋሪው 5 በመቶ ነው፤ በክራይስ ሥር ባሉ ከተሞች ከ4,000 ፊርማ አይበልጥም። 20 ሺህ ሰው ባለባት ከተማ 1,000 ፊርማ ማለት ነው።

ረቂቁ ብዙ መቶ ገጽ ሊሆን ይችላል፤ አትደንግጡ። መጀመሪያ ጥቂት ገጽ ያላትን የበጀት ደንብ ክፈቱ፤ ሄበዛትሶቹ፣ የብድር ጣሪያውና ለወደፊት ዓመታት የተገባው የወጪ ግዴታ እዚያ አሉ። ቀጥሎ በመካከለኛ ጊዜ የገንዘብ ዕቅዱ ላይ የሚቀጥሉትን ሦስት ዓመታት የንግድ ግብር ግምት ተመልከቱ። ዘንድሮ እየወረደ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በተአምር የሚወጣ ከሆነ፣ ተቃውሟችሁን የምትጀምሩት ከዚያ መስመር ነው። የዓመቱን ሄበዛትስ ከፍ ማድረግ የሚቻለው እስከ ሰኔ 30 (እንደ ፈረንጆቹ) ብቻ ነውና ከዚያ በፊት ጠይቁ።

ከሰላምታ ጋር፣
በከተማ በጀትና በግብር ሥራ ላይ ያለን አማርኛ ተናጋሪዎች